የአቅኚዎችን ኑሮ በእጅ ማንበብ

ታሪክን ለሕፃናት ማስተማር ቀላል ሥራ መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። ዘመኑን መንገር፣ ስሙን ማስጠናት፣ በመጨረሻም ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል ይላሉ። ነገር ግን ሕፃኑ ዘመኑንና ስሙን ከሸመደደ በኋላ እንኳ የጥንቱ ሰው ምን ያህል ይደክም እንደ ነበረ፣ ምን ይፈራ እንደ ነበረ፣ አንዲት ቁራሽ እንጀራ በስንት ሰዓት ሥራ ትገኝ እንደ ነበረች ሳያውቅ ይቀራል። ክረምቱ ረዘመ፣ ዱቄቱም አለቀ የሚለውን ቃል ጠግቦ የተቀመጠ ልጅ በአንድ ትንፋሽ ያነበዋል፤ ከዚያም ገጹን ገልጦ ያልፋል። ቃሉ ከዐይኑ አልፎ ወደ ልቡ እንዲገባ ሌላ በር ያስፈልገዋል።

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይህን በር ለመክፈት የሚሠራበት አንድ ልማድ አለ። ሕፃናት በንባብ ማኅበር ተሰብስበው ስለ አቅኚዎች፣ ይኸውም ወደ ምዕራቡ የአሜሪካ ምድር ተጉዘው ስለ ሰፈሩት ገበሬዎች ኑሮ የሚናገር መጽሐፍ ያነባሉ። ምዕራፉን ከጨረሱ በኋላም በመጽሐፉ የተጻፈውን ሥራ በገዛ እጃቸው ይሞክሩታል። ቅቤ ይንጣሉ፤ ስንዴ ይፈጫሉ፤ የጨርቅ አሻንጉሊት ይሰፋሉ፤ የልብስ ቁልፎችን በክር ይሰካሉ። በዚህ ጽሑፍ ይህ ልማድ በምን ሐሳብ ላይ እንደ ቆመ፣ ለልጆች ምን እንደሚያስተምር፣ ምንስ እንደሚሰውርባቸው ልንመረምር እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእነዚህ ማኅበሮች ዘንድ እጅግ ከታወቁት መጻሕፍት መካከል ወይዘሮ ላውራ ኢንጋልስ ዋይልደር የጻፏቸው ይገኛሉ። ወይዘሮ ላውራ በ1867 በዊስኮንሲን ግዛት ፔፒን በተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው ቻርልስ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥን የማይወድ ገበሬ ነበር። ቤተ ሰቡ ከዊስኮንሲን ወደ ካንሳስ ሄደ፤ ከዚያም ወደ ዊስኮንሲን ተመለሰ፤ ቀጥሎም ወደ ሚኔሶታ፣ በመጨረሻም ወደ ዳኮታ ተጓዘ። ወይዘሮ ላውራ የመጀመሪያውን መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በ1932 ዕድሜያቸው 65 ዓመት በሆነ ጊዜ ሲሆን፣ እስከ 1943 ድረስ ስምንት መጻሕፍት አውጥተዋል። በ1957 በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። መጻሕፍቱ በልጅነት ትዝታና በቤተ ሰብ ወሬ ላይ የተመሠረቱ ልብ ወለዶች እንጂ የዕለት መዝገብ አይደሉም። ለምሳሌ ቤተ ሰቡ ከ1869 እስከ 1871 በካንሳስ በኖረበት ጊዜ ላውራ ገና ከሁለት እስከ አራት ዓመት የሆናት ሕፃን ነበረች፤ በመጽሐፉ ውስጥ ግን ከፍ ያለች ልጅ ሆና ትታያለች። ይህን ነገር አንባቢያችን ልብ ይበልልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለንና።

በእጅ ታሪክን መማር ከወይዘሮ ላውራ መጻሕፍት በፊት የነበረ ሐሳብ ነው። ፈላስፋው ጆን ዱዊ በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር አንድ የሙከራ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ታሪክን የሚጀምሩት ከነገሥታት ዝርዝር ሳይሆን ከምግብ፣ ከልብስና ከቤት ነበር። ዱዊ በ1899 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፣ ልጆቹ ጥሬ ጥጥና ጥሬ ሱፍ ተሰጥቷቸው እንዲያወዳድሩ ተደረገ። ከመካከላቸው አንዱ ልጅ ለግማሽ ሰዓት ጥጡን ከፍሬው በጣቱ ሲለይ ቆይቶ ያገኘው ንጹሕ ጥጥ 28 ግራም እንኳ የማይሞላ ነበር። ከዚህም ልጆቹ የቀድሞ ሰዎች ከጥጥ ይልቅ ሱፍ የለበሱበትን ምክንያት መምህሩ ሳይነግራቸው በራሳቸው አገኙት።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጥጥን ከፍሬው የሚለይ መኪና በ1793 በኤላይ ዊትኒ ከተሠራ በኋላ የጥጥ እርሻ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች እንደ ሰደድ እሳት ተስፋፋ። በእርሻውም ላይ የሚሠሩት በባርነት የተያዙ ጥቁር ሕዝቦች ነበሩ። በ1790 ቍጥራቸው ወደ 700 ሺህ የሚጠጋ ሲሆን በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ደረሰ። እንግዲህ ጣቱ ጥጥ ሲፈለቅቅ የደከመበት ልጅ አንድ መኪና ስለ ምን የሚሊዮኖችን ዕድል ሊለውጥ እንደ ቻለ ለመረዳት የቀረበ ነው። በእጅ መማር ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የታሪክን ምክንያት መፈለጊያ መንገድ መሆኑን ከዚህ እናያለን።

አሁን ወደ ንባብ ማኅበሩ እንግባ። በመጀመሪያው መጽሐፍ የላውራ እናት ካሮላይን ለእያንዳንዱ ቀን የተለየ ሥራ አላት፤ ሐሙስ ቅቤ የሚናጥበት ቀን ነው። እናቲቱ ከወተቱ ላይ ስልባቦቱን ገፍፋ በቁመቱ ረዘም ባለ የእንጨት ዕቃ ውስጥ ታደርገዋለች፤ ከዚያም በእንጨት በትር ወደ ላይና ወደ ታች እየመታች ትንጠዋለች። በክረምት ቅቤው ሲነጣባት ካሮት ፍቃ በወተት ካፈላች በኋላ ጨምቃ ቀለም ትሰጠዋለች። በማኅበሩ ውስጥ ልጆች ይህን ሁሉ ዕቃ አያገኙም፤ ስለዚህ ስልባቦቱን እስከ ግማሽ ድረስ በጠርሙስ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ እጅ ለእጅ እየተቀባበሉ ይወዘውዙታል። መጀመሪያ ፈሳሹ ይወፍርና ድምፁ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ብዙዎቹ ልጆች ሥራው የተበላሸ መስሏቸው ሊተዉት ይፈልጋሉ። የታገሡት ግን ጥቂት ቆይተው በድንገት ቅቤው ከአሬራው ተለይቶ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ሲላተም ይሰማሉ። ክንዳቸው የዛለው ልጆች አንዲት ሴት ይህን በየሳምንቱ፣ ከሌላው የቤት ሥራ ሁሉ ጋር፣ ትሠራው እንደ ነበረ ሲነገራቸው ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ የትምህርቱ መጀመሪያ ነው።

ለእኛ አገር ልጅ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። በብዙ የገጠር ቤቶቻችን እርጎው በቅል ወይም በእንስራ ሆኖ እየተወዘወዘ ይናጣል። ልዩነቱ እነርሱ ስልባቦቱን ለይተው ሲንጡ እኛ የረጋውን ወተት እንዳለ መናጣችን ነው። አሜሪካዊው ልጅ ከመጽሐፍ ፈልጎ የሚያገኘውን ሥራ የኛው የከተማ ተማሪ በክረምት ዕረፍት አያቱን ጠይቆ ሊማረው ይችላል። እንግዲህ መምህሮቻችን ሕያው ቤተ መዘክር በአጠገባቸው ሳለ ሳይጠቀሙበት እንዳይቀሩ ያስፈልጋል።

ከቅቤው የጠለቀ ትምህርት የሚሰጠው በ1940 የታተመው ስለ ረጅሙ ክረምት የሚናገረው መጽሐፍ ነው። ከ1880 መጸው ጀምሮ እስከ 1881 ጸደይ ድረስ በዳኮታ ምድር ላይ የበረዶ ማዕበል ያለ ማቋረጥ ወረደ። ቤተ ሰቡ ወደሚኖርባት ወደ ዴ ስሜት ከተማ ምግብና ከሰል ያመጣ የነበረው የምድር ባቡር በበረዶ ተቀብሮ ለወራት ቆመ። ዱቄት ባለቀ ጊዜ ለዘር የተቀመጠው ስንዴ በትንሽ የቡና መፍጫ እየተፈጨ ዳቦ ይጋገር ነበር። መፍጫው በአንድ ጊዜ የሚይዘው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ቤተ ሰቡ ተራ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ያዞረዋል። ከሰል ባለቀ ጊዜ ደግሞ ድርቆሽ እንደ ገመድ እየተጠመዘዘ ይነድ ነበር፤ ድርቆሽም ቶሎ ስለሚያልቅ አንድ ሰው ሁልጊዜ መጠምዘዝ አለበት። መብራት ባለቀ ጊዜ እናቲቱ የልብስ ቁልፍን በጨርቅ ጠቅልላ፣ የጨርቁን ጫፍ ወደ ላይ አሹላ፣ የጋሪ ግራሶ ባለበት ሳሕን ውስጥ አቁማ ለኮሰችው።

በማኅበሩ ያሉ ልጆች ሁለት እፍኝ ስንዴ ተሰጥቷቸው በእጅ በሚዞር መፍጫ ይፈጫሉ፤ ሰዓትም ይያዛል። የተገኘው ዱቄት ተመዝኖ ለአንድ ዳቦ ስንት ሰዓት፣ ለስድስት ሰው ለአንድ ሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚያስፈልግ በሒሳብ ይሰላል። ሌሎቹ ድርቆሽ ይጠመዝዛሉ፤ መዳፋቸውም ይቈስላል። የቁልፉን መብራት ግን መምህሩ ራሱ ያበራዋል፤ እሳት የሕፃናት ጨዋታ አይደለምና። ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጆቹ ምዕራፉን እንደ ገና ሲያነቡት ቀድሞ ዘለው ያለፉት ቃል አሁን ክብደት አግኝቶ ይጠብቃቸዋል።

ሌላው ተግባር ጠመኔ ብቻ የሚጠይቅ ነው። አቅኚዎች የሚጓዙበት ሸራ የለበሰ ሠረገላ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ያህል፣ ወርዱም ከአንድ ሜትር ጥቂት ያለፈ ነበር። ይህ ልክ በክፍሉ ወለል ላይ ይሠመራል። ልጆቹም የአንድ ቤተ ሰብን ንብረት፣ ማለት ዱቄቱን፣ አልጋ ልብሱን፣ ማረሻውን፣ ድስቱንና መሣሪያውን በዚያ መሥመር ውስጥ እንዲከቱ ይታዘዛሉ። ብዙም ሳይቆዩ ክርክር ይነሣል። አሻንጉሊቱ ይቅር ወይስ ወንበሩ? መጽሐፉ ይቅር ወይስ ሁለተኛው ብርድ ልብስ? አገር ለቆ መሄድ ማለት መምረጥ፣ መምረጥም ማለት አንዱን ትቶ ማልቀስ መሆኑን ልጆች በዚህ ይረዱታል።

እስካሁን ያነሣናቸው ተግባሮች ሁሉ ቤቱን የሚመለከቱ ናቸው። ቤቱ ግን በመሬት ላይ ቆሟል። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በ1862 በፈረሙት የመሬት ሥሪት ሕግ መሠረት፣ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው ወይም የቤተ ሰብ አለቃ የሆነ ጥቂት የመዝገብ ገንዘብ ከፍሎ 160 ኤክር መሬት ሊይዝ፣ አምስት ዓመትም ተቀምጦ ካረሰው የራሱ ሊያደርገው ይችል ነበር። ይህም 65 ሄክታር ያህል ነው፤ ጋሻ መሬት 40 ሄክታር ተብሎ ቢቈጠር ከአንድ ጋሻ ተኩል ጥቂት ይበልጣል። የላውራም አባት በዴ ስሜት አጠገብ በዚህ ሕግ መሬት ይዞ ነበር። ሕጉ ጸንቶ በቆየበት ዘመን ሁሉ 270 ሚሊዮን ኤክር የሚያህል መሬት በዚህ መንገድ ተሰጥቷል፤ ይህም ከአሜሪካ የመሬት ስፋት ከመቶ ዐሥር እጅ ያህል ነው።

ይህንም በእጅ፣ ይልቁንም በእግር ማስተማር ይቻላል። የ160 ኤክር መሬት አንዱ ጐን 800 ሜትር ያህል ነው። መምህሩ ልጆቹን ወደ ሜዳ አውጥቶ ዙሪያውን ቢያስኬዳቸው ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይራመዳሉ። ልጆቹም ደክመው ሲመለሱ ስፋቱን ያደንቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ ታዲያ ይህ ሁሉ መሬት ቀድሞ የማን ነበር ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ መምህሩ እግዚአብሔርን ያመስግን፤ የጠየቀ ባይኖር ግን መምህሩ ራሱ ይጠይቅ። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንለው የፈለግነው ዋናው ነገር ይህ ነውና።

የላውራ ቤተ ሰብ በካንሳስ የሠራው የእንጨት ቤት የቆመው የኦሴጅ ሕዝብ ርስት በሆነው መሬት ላይ ነበር። ቻርልስ ኢንጋልስ በ1869 እዚያ ሲደርስ መሬቱ ለሰፋሪ በሕግ ገና አልተፈቀደም። እርሱን የመሰሉ ብዙ ሰፋሪዎች ግን ወደ ፊት ይፈቀዳል በሚል ተስፋ ቀድመው ገቡ፤ እንጨቱን ቈረጡ፤ ሜዳውን አረሱ። በ1870 የአሜሪካ ምክር ቤት ኦሴጆች መሬቱን እንዲለቁ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። የሕዝቡም አለቆች በሰፋሪው ብዛትና ግፊት ተጨንቀው በዚያው ዓመት ተስማሙ፤ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ግዛትም ተሻገሩ። በመጽሐፉ ውስጥ ሕፃኒቱ ላውራ በደጃፏ ቆማ በረጅም ሰልፍ የሚያልፉትን ሰዎች ታያለች። አንባቢው ልጅ ግን በሰልፉ ውስጥ ያለችው ሕፃን ምን እንደምታይ አይነገረውም።

የእጅ ሥራ አደጋ እዚህ ላይ ይታያል። እጅ የሚያስተምረው በፍቅር ነው። ቅቤውን የናጠ፣ ዳቦውን የጋገረ፣ በሠረገላው መሥመር ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ያን ቤተ ሰብ እንደ ራሱ ዘመዶች ይወዳል። የወደደም ሰው በወደደው ወገን ዐይን ያያል። ከቤቱ ውጭ ያለውን ሰው እንደ ጥላ፣ እንደ ማስፈራሪያ፣ አለዚያም እንደሌለ አድርጎ መቍጠር ይጀምራል። በ1935 በታተመው የካንሳስ መጽሐፍ ውስጥ በዚያ አገር ሰዎች እንደሌሉ፣ የአገሩ ተወላጆች ብቻ እንዳሉ የሚናገር ዐረፍተ ነገር ነበር። ዓረፍተ ነገሩ የአገሩን ልጆች ከሰው ቍጥር ያወጣ መሆኑን አንድ አንባቢ ለአሳታሚው ጽፎ አስታወቀ። ወይዘሮ ላውራም ስሕተቱን አምነው በ1953 ዕትም «ሰዎች» የሚለው «ሰፋሪዎች» በሚል ተተካ። ለሃያ ዓመት ገደማ ስንት ልጅ፣ ስንትስ መምህር ያን መሥመር ሳይደነግጥ አልፎት ይሆን!

የኛም ቋንቋ በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለም። «አቅኚ» የሚለውን ቃል ይህን ጽሑፍ ስንጀምር ያለ ማመንታት ተጠቅመንበታል። ማቅናት የተጣመመውን ቀጥ ማድረግ ነው፤ ባድማውን የሰው መኖሪያ ማድረግ ነው፤ በታሪክ መጻሕፍታችን ደግሞ በጦር ገብቶ አገር ማስገበርም «አገር ማቅናት» ተብሎ ተጽፏል። ቃሉ ያማረ ነው። ነገር ግን አገሩ ቀና ከተባለ ቀድሞ ጠማማ ነበር ማለት ነውን? ባድማ ከተባለስ በዚያ የሚኖሩት ሰዎች ወዴት ገቡ? ተማሪዎቻችን ስለ ሩቁ ካንሳስ ሲያነቡ ይህን ጥያቄ ከለመዱ፣ የገዛ አገራቸውን ታሪክ ሲያነቡም አይረሱትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንዳንዶች እነዚህ መጻሕፍት ከልጆች እጅ ይውጡ ይላሉ። በ1954 በወይዘሮ ላውራ ስም የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ጽሑፍ ሽልማትም በ2018 ስሙ እንዲለወጥ የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር የሕፃናት ክፍል ወስኗል። ሌሎች ደግሞ ምንም ሳይባል እንደ ቀድሞው ይነበቡ ይላሉ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም መንገድ ልጁን ከማሰብ ያሳርፉታል። መጽሐፉን የደበቀ ስሕተቱንም ደበቀ፤ መጽሐፉን ያለ ጥያቄ የሰጠ ደግሞ ስሕተቱን አወረሰ። የሚሻለው በእጅ የጀመረውን ትምህርት በእጅ መጨረስ ነው።

ለዚህም አንድ ተስማሚ ምሳሌ እናመጣለን። ደራሲዋ ሉዊዝ አርድሪክ፣ ራሳቸው በትውልድ ከኦጂብዌ ሕዝብ የሚቈጠሩ፣ በ1999 ለልጆች አንድ ልብ ወለድ አሳትመዋል። ታሪኩ በ1847 በታላቁ የሱፒሪየር ሐይቅ ደሴት ላይ፣ ከበርች ዛፍ ልጥ በተሠራ ቤት የምትኖር ኦማካያስ የተባለች የሰባት ዓመት ልጅ ኑሮ ነው። ላውራ የተወለደችበትም ጫካ፣ የኦማካያስም ደሴት ዛሬ በአንዱ በዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ ናቸው። በሁለቱም መጻሕፍት ውስጥ ቆዳ ይለፋል፤ እህል ይከማቻል፤ ክረምት ይፈራል። በሁለቱም ውስጥ ደግሞ በጸደይ መጀመሪያ ሜፕል የተባለው ዛፍ ተበስቶ ጣፋጭ ውሃው ይቀዳል፤ ተፈልቶም ስኳር ይሆናል። ይህን ጥበብ አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት የአገሩ ተወላጆች ያውቁት ነበር።

ማኅበሩ እንግዲህ የዛፉን ውሃ በምድጃ ላይ ያፍላ። 40 ሊትር ያህል ውሃ ፈልቶ የሚገኘው ወፍራም ማር መሰል ፈሳሽ አንድ ሊትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱ ረጅም ነው፤ ለንባብም ይበቃል። አንደኛው ልጅ ከላውራ መጽሐፍ፣ ሁለተኛው ከኦማካያስ መጽሐፍ ተራ በተራ ያንብቡ። ጣፋጩን በቀመሱ ጊዜ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ማን አገኘው፣ ላውራ አያት ዘንድ እንዴት ደረሰ፣ ያስተማሩትስ ሰዎች ከዚያ በኋላ ምን ደረሰባቸው የሚለው ጥያቄ ከምላሳቸው ይነሣል። መሬቱን የዞሩበትን ካርታም እንደ ገና ይዘርጉት፤ በሰፋሪው ገመድ ላይ ሁለተኛ ቀለም ያለው ገመድ ደርበው የኦሴጆችን ርስትና የተሰደዱበትን መንገድ ያመልክቱ። ሁለቱ ገመዶች በአንድ ካርታ ላይ ሲተያዩ ብዙ ንግግር አያስፈልግም።

ከዚሁ ጋር አንድ ሰው ይታወስ ዘንድ እንወዳለን። የላውራ ቤተ ሰብ በካንሳስ ሳለ በወባ ታምሞ ሊሞት ደርሶ ነበር። ሕመሙ ከሐብሐብ መጣ የሚሉ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ወባን የምታስተላልፈው የወባ ትንኝ መሆንዋ በሳይንስ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ በ1897 ነውና። ያዳናቸው ዶክተር ጆርጅ ታን የተባሉ ጥቁር ሐኪም ነበሩ፤ እርሳቸውም የኦሴጆች ሐኪም ሆነው ይሠሩ ነበር። በአንድ ሜዳ ላይ ሰፋሪው፣ ባለ ርስቱና ጥቁሩ ሐኪም ተገናኝተው ነበር። ባዶ የተባለው ምድር ይህን ያህል ሰው ነበረበት።

መምህሮቻችን ሆይ፣ ልጆች በእጃቸው ሲሠሩ ክፍሉ ይቈሽሻል፤ ጩኸትም ይበዛል። ይህ አያሳስባችሁ። የሚያሳስበው ልጆቹ ቅቤውን በልተው ጥያቄውን ሳይቀምሱ ወደ ቤታቸው የሄዱ እንደ ሆነ ነው። የጥንቱን ሰው ድካም በክንዱ የለካ ልጅ ሰውን ያከብራል፤ ያከብረው ዘንድ የተማረው ግን በበሩ ውስጥ ያለውን ብቻ ከሆነ ግማሽ ታሪክ ተማረ። ሌላውን ግማሽ ለማስተማር በሩን ከፍቶ ወደ ውጭ የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያም ሰው መምህሩ ነው።